ምስጋና የበላው ቆርቆሮ

ሰው ረድታችሁ ታውቃላችሁ? መቼም ታውቃላችሁ። የረዳችሁት ሰው ሲያመሰግናችሁ፣ ሲያመሰግናችሁ ከርሞ፣ በመጨረሻ «ምነው በረገመኝ!» ያላችሁበት ቀንስ አለ? ከሌለ ወይ ገና ሰው አልረዳችሁም፣ ወይ ጋሽ ደምሴን አታውቋቸውም።

ነገሩን በሥርዓት ላስረዳ። የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። እናቴ «አንተ ውሃ አቀብለኝ ስትባል፣ መጀመሪያ ውሃ ከምን እንደተሠራ ትናገራለህ፤ የጠማው ሰው እስከዚያ ይሞታል» ትለኛለች። እንግዲህ በእኔ ጥናት ዕርዳታ የሚቀበል ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ተቀብሎ ይረሳል። ሁለተኛው ተቀብሎ ይሸሻል፤ መንገድ ላይ ሲያያችሁ የጫማው ክር ድንገት ይፈታበታል። ስለ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ተወርቷል። ሦስተኛው ግን ተቀብሎ ያመሰግናል። ከዚህኛው ተጠንቀቅ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ እኔ በማስተምርበት በአዋሳ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከመንዝ መጥተው አዋሳ ከከተሙ የእኔን ዕድሜ ያህል ይሆናቸዋል። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ ለተማሪ ሳይቀር ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ አምስት ልጆች ያሳድጋሉ። ዝናብ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚመጣ ከእሳቸው የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ጉዳዩም የጀመረው በዝናብ ነው።

ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የሰባተኛ «ለ» ተማሪዎች የጂኦግራፊ ፈተና ወረቀታቸው ሲመለስላቸው ክፍሉ በጫጫታ ተናጋ። በየወረቀቱ አናት ላይ ነጥብ መኖር በነበረበት ቦታ ሰማያዊ ደመና ተቀምጦበታል። ቀለሙ በውሃ ርሶ ተሰራጭቷል። ጋሽ ደምሴ ያለ አንዳች ድንጋጤ እያንዳንዱን ተማሪ «ስንት መሰለህ ልጄ?» እያሉ ጠየቁና የተባሉትን ጻፉ። በዚያ ሴሚስተር የሰባተኛ «ለ» ሕዝብ ዓለምን በሚገባ ያወቀ ሆኖ ተገኘ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጠጋ ብዬ፦

«ጋሽ ደምሴ፣ ወረቀቱን ምን ነክቶት ነው?» አልኳቸው።

«ጤዛ ነው።»

«ጤዛ? ቤት ውስጥ?»

«አይ አንተ ልጅ! ሳይንስም እኮ ሁሉን አያውቅም።»

ጤዛ ቤት ውስጥ የሚወርድበትን ሁኔታ ባውቀው ባልሄድኩ ነበር። ስላላወቅሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ የሽርሽር ሰው መስዬ ጋሽ ደምሴ ወደሚኖሩበት ወደ ታቦር ተራራ ወጣሁ።

ቤቱን ከሩቅ ለየሁት። ግማሹ ቆርቆሮ ነው፤ ግማሹ ሰማይ። በሚያዝያ የተነሣው ነፋስ አሥራ አራት ቆርቆሮ ገንጥሎ እንደ ደብተር ወረቀት አጣጥፎታል። ባዶው ላይ የተወጠረው ላስቲክ በየቦታው ተቀዷል። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ሙሉ እርጉዝ ናቸው፤ ወራቸው ገብቷል ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። አልጋ ሲገፉ ደረስኩባቸው። ሮጬ ያዝኩላቸው።

«ደግ ሰዓት መጣህ» አሉኝ፣ እንግዳ ሁልጊዜ አልጋ ሊገፋ እንደሚመጣ ሁሉ። «ዛሬ ነፋሱ ከሐይቁ ነው። ከሐይቁ ሲነሣ ያ በበሩ በኩል ያለው ጥግ ይደርቃል። ከተራራው ሲነሣ ደግሞ ይሄኛው። ተምረነዋል።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው እትዬ ሙሉ?»

«ነርሷ የሰኔ መጀመሪያ ብላኛለች። እኛስ ለምደነዋል ልጄ።» ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ይሄ የሚመጣው እንግዳ ግን ዋና አይችልም።»

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሆነ፦ ሰኔ ከመግባቱ፣ ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊት ይህ ቤት መከደን አለበት።

ገንዘብ ነበረኝ። የነበረኝም ለብስክሌት ነበር። አዋሳ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለች ከተማ ስለሆነች ብስክሌት የሌለው ሰው ግማሽ ሰው ነው። እኔ ባህል አዳራሽ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማው ዳር ነው። ፒያሳ ያለ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ አረንጓዴ የተቀባ አሮጌ ብስክሌት አስቀምጦልኝ፣ እኔም ከአንድ ዓመት በላይ ሳጠራቅም ቆይቼ፣ ከሥራ መልስ ጎራ እያልኩ ደወሉን አንድ ጊዜ ደውዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ጠጋኙ «ወንድሜ፣ ወይ ግዛው ወይ ደወሉን አታድክመው» ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ያን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ለጋሽ ደምሴ አቀረብኩ።

«ይህቺ ለቆርቆሮው ትሁንልኝ።»

«ኧረ በሞትኩት! ምን ሲደረግ!»

«ግድ የለም ጋሽ ደምሴ።»

«አላደርገውም። አንተ ገና ራስህን ያልቻልክ ልጅ!»

«ስለ እትዬ ሙሉ።»

«እንግዲህ... አንተ ካልክ።»

ይህ ደንብ ነው። እምቢታ አንዴ ከሆነ ችኮላ ይመስላል፤ ሁለቴ ጨዋነት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ይቀበሉታል፤ አራተኛ ካለ ሰጪው ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ጋሽ ደምሴ ደንቡን ጠብቀው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ትከሻዬንም ሳሙ። የተቀበሉበት አኳኋን ልክ እንደ ታቦት ተሸካሚ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በሳምንቱ እሑድ ተጠራሁ። ታቦር ስደርስ ጣሪያው እንደነበረ ነው። በግቢው ገመድ ላይ ግን የበግ ቆዳ ተሰቅሏል።

«ና ልጄ፣ ግባ!» አሉ ጋሽ ደምሴ። «የሰው ውለታ ዝም ብሎ አይዋጥም።»

ገባሁ። ጥብስ መጣ፣ ቅቅል መጣ፣ ዱለት መጣ። ልጆቹ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው በተርታ ቆመው ያዩኛል። እትዬ ሙሉ «ብላ እንጂ፣ ላንተ ነው የታረደው» እያሉ ያጎርሱኛል። እኔ ግን አእምሮዬ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። የፊት ጎማዬን በጥብስ በላሁ። የኋላ ጎማዬን በቅቅል በላሁ። መሪዬን ዱለት አድርጌ ዋጥሁት። ደወሉን እየጠጣሁ ሳለሁ ዝናቡ ጀመረ፤ አንድ ጠብታ ከሰማይ ቀጥ ብላ ወርዳ ወጡ ውስጥ ጠብ አለች። እትዬ ሙሉ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሳህኔን አንድ ስንዝር ወደ ግራ አዛወሩት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቆርቆሮውስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ይደርሳል! ቆርቆሮ የትም አይሄድ!»

ያለፈው ቆርቆሮ የት እንደሄደ ረስተውታል።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስወርድ ከመናደድ ይልቅ ገርሞኝ ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው? ሰውዬው ገንዘብ አላባከነም፤ ለራሱ አንድ ሳንቲም አላወጣም። ለምስጋና አወጣው። ዕርዳታው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል በእኔ ጉሮሮ ወጣ። ደብተሬን አውጥቼ «ሙከራ አንድ፦ ጥሬ ገንዘብ። ውጤት፦ በግ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም መላ ምት አኖርኩ፦ ጥሬ ገንዘብ ነው ጥፋተኛው። በዓይነት ቢሰጥስ?

ስለዚህ ከቀበሌ ሱቅ በካርዴ የተሰጠኝን የወሩን ስኳርና ሳሙና ሳልነካ ለእትዬ ሙሉ ወሰድኩ። እነሱ ለዚህ የሚያወጡትን ለቆርቆሮ ያውሉታል፤ ስሌቱ እንከን የለውም። በሦስተኛው ቀን ስኳሬ የመኪና ጎማ የሚያህል ጣፋጭ ድፎ ዳቦ ሆኖ በቅርጫት ተመለሰልኝ። ሳሙናውም ተመልሷል፤ እትዬ ሙሉ እኔ ሳላውቅ ከተከራየሁበት ቤት አንሶላዬንና ሸሚዞቼን አስወስደው አሳጥበውበታል። እኔ ንጹሕ ሆንኩ። ቤቱ ያፈሳል።

ሙከራ ሁለት፣ ውጤት፦ ዳቦ።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ይተው ነበር። እኔ ግን ነገሩ ይበልጥ ያጓጓኝ ጀመር። ሌሊት ሌሊት ዝናቡ ባህል አዳራሽ ላይ ሲወርድ «አሁን ነፋሱ ከሐይቁ ነው ወይስ ከተራራው?» እያልኩ የእትዬ ሙሉን አልጋ በሐሳቤ እገፋለሁ። እንዲህ ስገፋ ቆይቼ መልሱ ብልጭ አለልኝ። ጋሽ ደምሴ የሚያመሰግኑት ሰጪውን ስለሚያውቁት ነው። ሰጪው ካልታወቀስ? ማንን ያመሰግናሉ?

ሬዲዮኔን ፒያሳ ወስጄ ሸጥኩት። የማደምጠውም ያው አንድ ዓይነት ንግግር ስለነበረ ብዙ አልጎዳኝም። ብሩን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወደ ጋሽ ሐሜሶ ሄድኩ።

ጋሽ ሐሜሶ ዘበኛ ይባሉ እንጂ የአገር ሽማግሌ ናቸው። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ አገራቸው ወጣ ሲሉ ለጠብ ለክርክር ይጠራሉ፤ የእሳቸውን ቃል ሰምቶ ያልታረቀ የለም ይባላል። በሥራ ቀን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ረጅም ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የሚገባውን የሚወጣውን ያያሉ።

«ይህን ለጋሽ ደምሴ ይስጡልኝ። ማን እንደሰጠ ግን አይንገሩብኝ።»

«ማን ሰጠ ሲለኝ ምን ልበል?»

«ማንም ይበሉ።»

«ማንም የሚባለው ሰው ይህን ያህል ብር የለውም።»

«እንግዲያው የሥራ ባልደረባ ይበሉ።»

ብሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «መምህሬ፣ ትናንት በዚህ ስታልፍ ሬዲዮ ታቅፈህ ነበር። ስትመለስ እጅህ ባዶ ነው።»

«ተበላሽቶ...»

«እሺ» አሉ። «ተበላሽቷል።»

አንባቢ ሆይ፣ «የሥራ ባልደረባ» የምትለዋን ቃል ከአፌ ከማውጣቴ በፊት ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። የሥራ ባልደረባ አሥራ አንድ ነን። ጋሽ ደምሴ የትኛው እንደሆነ ስላላወቁ፣ አንዱን አመስግነው ሌላውን ከሚያስቀይሙ ብለው፣ አሥራ አንዳችንንም ጠሩን።

እንደዚያ ያለ ግብዣ በመምህራን ዘንድ ታይቶ አይታወቅም። ከጎረቤት ወንበር ተሰብስቧል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ በዚህ ጊዜ በጎቹ ሁለት ናቸው። ዳመና ስለነበረ ሁላችንም በደረቁ ጥግ ተጨናንቀን እንደ ክብሪት ቆመን በላን። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፦

«ያደረጋችሁልኝን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔም አልረሳውም» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። ከእኔ በቀር ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም። ጓድ ዳይሬክተሩ ግን ንግግር ሳያደርግ የሚያልፍ ሰው ስላልሆነ ብርጭቆውን አስቀምጦ ቆመ።

«ጓድ ደምሴ፣ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው! ግዴታችን ነው! ወደፊትም አጠናክረን እንቀጥልበታለን!»

ተጨበጨበ። ሲቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምንድን ነው ያደረግነው?» አለኝ።

«እኔም እርስዎን ልጠይቅ ነበር» አልኩት።

በሌላው ጎኔ የስፖርት መምህሩ ታፈሰ ጎድን ይዞ እየታገለ ነበር። «ሰማህ ወይ» አለኝ፣ «ምን እንዳደረግንለት ባላውቅም፣ ደግመን እናድርግለት።»

ሙከራ ሦስት። ውጤቱን ለመጻፍ እጄ አልታዘዝልህ አለኝ።

ግንቦት እያለቀ ነው። ዝናቡ አሁን ቀጠሮ አክባሪ ሆኗል፤ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሳይጓደል ይመጣል። እኔ ብስክሌት የለኝም፣ ሬዲዮ የለኝም፣ ስኳር የለኝም፤ ከሐይቁ ዳር ርካሽ ዓሣ እየገዛሁ ጠዋት ዓሣ፣ ማታ ዓሣ ሆኛለሁ። እትዬ ሙሉ ደግሞ አልጋውን መግፋት አቅቷቸዋል፤ የሚገፉት ልጆቹ ናቸው።

በዚህ መሐል አንድ ረፋድ ላይ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለን ጋሽ ደምሴ ፊታቸው እየበራ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ የደበቅከኝ መስሎህ ነው? ሬዲዮህን መሸጥህን ፒያሳ ሰማሁ! አንተ ነህ! መቼም ይህን ያህል... ብቻ የተረፈችኝን ለሸማኔ ሰጥቻለሁ። ጋቢ እያሠራሁልህ ነው!»

ጋቢ!

እኔ ጸጥተኛ ሰው ነኝ። በሥርዓት የምናገር ሰው ነኝ። በዚያች ቅጽበት ግን ሥርዓቱ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ተነሥቼ ቆምኩና፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው፣ በሰው ፊት፣ እንዲህ አልኳቸው፦

«ጋቢውን ለቤትዎ ያልብሱት! ይሄ ቤት ነው ወይስ ወንፊት? ልጅ ሊወለድበት ነው ወይስ ዱቄት ሊነፋበት?»

«ወንፊት» ያልኩ ጊዜ ታፈሰ ሳቁ አመለጠው። እሱ ሲያመልጠው ሌላው አመለጠው። ሰባት ስምንት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፉን ያዘ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው አነሡ፣ አቧራ የሌለበትን አቧራ አራገፉለት፣ ለማንም ሳያነሡት ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ወጡ።

በማግሥቱ በአጠገቤ አለፉ፤ ሰላምታ የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም። ሳይንሳዊ ታማኝነት ስላለብኝ አንድ ነገር ልመስክር፦ ሰውዬው እኔን ማመስገን ፈጽሞ ተዉ። ያን ሁሉ ሳምንት ስደክምለት የነበረው ውጤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገኘ። ነገር ግን ዓሣው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ስድቤ ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር። እውነት ነው፤ ለዚህ ነው የሚያመው። አሁን ደግሞ ብር ብሰጥ እንኳ ማን ይቀበለኛል? ሰኔ ሊብት ስድስት ቀን ቀርቶታል።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ሐሜሶ በዘንጋቸው መንገዴን ዘጉ።

«መምህሬ፣ ከእግርህ ምላስህ ይረዝማል።»

«ምን ይሻለኛል ጋሽ ሐሜሶ?»

«የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ላክ።»

«ማንን ልላክ?»

«እኔን» አሉ።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከበሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጋሽ ሐሜሶ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሳቂዎቹ መምህራንም በሙሉ ተጠርተው በአንድ በኩል ተደርድረዋል።

ጋሽ ደምሴ ቅድሚያ ተሰጣቸው። ቆመው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ድሃ መባል አይከፋኝም፤ ነኝና። ግን ገና ያልተወለደ ልጄ ከወንፊት ሥር እንደሚወድቅ ዱቄት ተቆጠረ። ያውም በሳቅ። ሌላ የለኝም።»

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና «የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ነገሩን ከመሠረቱ ለማስረዳት፣ በመጀመሪያ ዕርዳታ የሚቀበል ሰው ሦስት ዓይነት...» ብዬ ስጀምር ጋሽ ሐሜሶ ዘንጋቸውን አነሡ።

«መምህሬ። ወንፊት ብለሃል? አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ነገር ግን...»

«ብያለሁ የምትለዋ በቂ ናት። ተቀመጥ።»

ሦስቱ ራሳቸውን አቀራርበው ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ጋሽ ሐሜሶ ፍርዱን ተናገሩ።

«የተሰደበው ሰውየው አይደለም፤ ቤቱ ነው። ስለዚህ ካሳው ለቤቱ ነው። ስድቡ ‹ቤትህ ያፈሳል› ነው። አንተ ልጅ፣ ሰው ስድቡን በቃል አይመልሰውም፤ ውሸት ያደርገዋል። እስከ ቅዳሜ ስድብህን ውሸት አድርገው። ስድስት ቆርቆሮ፣ ከነሚስማሩ።» ወደ ሳቂዎቹ ዞሩ። «የሳቀ ደግሞ ስድቡን አብሮ ተሸክሟል። ስምንት ናችሁ። በሰው አንድ አንድ ቆርቆሮ።»

«እኔ እኮ ፈገግ ነው ያልኩት!» አለ ታፈሰ።

«ጥርስህን ከበሩ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

ስድስትና ስምንት አሥራ አራት ነው። የተገነጠለው ቆርቆሮ ልክ አሥራ አራት ነው። ጋሽ ሐሜሶ ታቦር መቼ ወጥተው እንደቆጠሩት እስከ ዛሬ ለማወቅ እፈልጋለሁ፤ ስጠይቃቸው ስለ አየሩ ሁኔታ ያወሩኛል።

ሆኖም ነገሩ ገና አላለቀም ነበር፤ እንዲያውም ሊፈርስ አንድ ቃል ነበር የቀረው። በእኛ ልማድ ካሳ ሲፈረድ ተበዳዩ «ስለ ሽማግሌዎቹ ስል ትቼዋለሁ» ይላል፤ ይህም ትልቅ ጨዋነት ነው። ጋሽ ደምሴን በጨዋነት ማን ይቀድማቸዋል? ወዲያው ብድግ አሉ።

«ስለ እናንተ ክብር ስል፣ ካሳውን ትቼ...»

አልጋው፣ ነፋሱ፣ ዋና የማይችለው እንግዳ ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄዱ።

«ቆይ ደምሴ» አሉ ጋሽ ሐሜሶ። «ሰው የሚተወው ሽማግሌ ሲለምነው ነው። እኛ ተውልን ብለን ለመንንህ?»

«አ... አልለመናችሁኝም።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምትተወው? ተቀበል። ሌላም አለ። ካሳ የራስህ ገንዘብ ነው፤ በራሱ ገንዘብ ሰው አያመሰግንም። አንዲት የምስጋና ቃል ከአፍህ ከወጣች ዕርቁ ፈርሷል፤ እንደገና ከዚህ ዋርካ ሥር እንቀመጣለን። በግም፣ ዳቦም፣ ጋቢም ምስጋና ነው።»

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ «ይጻፍ» አሉ፤ የሚጽፍ ሰው ግን አልነበረም። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ጋሽ ደምሴም አቅፈው አነሡኝ። ምን እንዳሉኝ አልሰማሁም፤ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

የእኔን ስድስት ቆርቆሮ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ኮትና ሱሪ ላሰፋበት የገዛሁት ሱፍ ጨርቅ ነበረኝ። የገዛሁት ደግሞ እዚያው ከጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ ነበር። ወስጄ ስዘረጋላቸው ጨርቁን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ቅንጣት ሳይቀንሱ በገዛሁበት ዋጋ መለሱልኝ። አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት «እንዳትጀምር!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራቱ ቆርቆሮ በጋሪ ታቦር ወጣ። ታፈሰ ጣሪያው ላይ ተፈናጠጠ፤ ስፖርት ለአገር ጥቅም እንደሚሰጥ ያን ዕለት አመንኩ። እኔ ከታች አቀብላለሁ። ጋሽ ሐሜሶ ግቢው ውስጥ በርጩማ አስመጥተው እንደ ትምህርት ቤቱ በር ሁሉ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትም የጋሽ ደምሴን አፍ ነው።

ጋሽ ደምሴ መሰላሉ ላይ ቆመው ለታፈሰ ሚስማር ያቀብላሉ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲመታ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እግዚ...» አሉ። ጋሽ ሐሜሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ደምሴ በፍጥነት አንድ ሚስማር ከእጃቸው አንሥተው ጥርሳቸው መሐል ነከሱት። ሁለተኛው ቆርቆሮ ሲመታ ሌላ ሚስማር ጨመሩ። ቀዳዳው እየጠበበ በሄደ ቁጥር የአፋቸው ሚስማር እየበዛ ሄደ። አሥራ አራተኛው ተመትቶ ሰማዩ ሲዘጋ፣ ጋሽ ደምሴ እንደ ጃርት ሆነው፣ ከዓይናቸው እንባ እየወረደ፣ መሰላሉ ላይ ድርቅ ብለው ቆመው ነበር።

«ይውረዱ ጋሼ፣ ሚስማሩን እንዳይውጡት!» ይጮሃል ታፈሰ።

እትዬ ሙሉ ወገባቸውን ይዘው ወጡ። ቀና ብለው ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ ጋሽ ሐሜሶን ገላመጧቸው።

«በእኔ ላይ የተፈረደ ነገር አለ?»

ጋሽ ሐሜሶ አሰቡ። «የለም» አሉ።

«እንግዲያው እኔ አመሰግናለሁ። አበቃ። ምሳ የለም፤ ወደየቤታችሁ!»

ደንግጠን ወጣን። በሕይወቴ የሰማሁት አጭሩና ደረቁ ምስጋና እሱ ነው፤ አንድ ሳንቲምም አላስወጣም።

ልጅቷ የተወለደችው በሰኔ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ታቦር በዝናብ በተመታበት ሰዓት ነው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ እትዬ ሙሉ በቆርቆሮው ጩኸት ተማረርን አሉ። ከዚህ የሚጣፍጥ ምሬት ሰምቼ አላውቅም። እኔ አሁንም በእግሬ እሄዳለሁ። ጋሽ ደምሴ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ወደ በሩ አየት ያደርጋሉ፣ መልሰው ይዘጉታል።

እንግዲህ ያገኘሁትን ለራሴ ደብቄ ማስቀመጥ ስለማልችል እናንተም ሞክሩት። የምትረዱትና ምስጋናው የሚያስፈራችሁ ሰው ካለ፣ ከብሩ በፊት ስድብ አዘጋጁ። ስድቡ እውነት ይሁን፤ ነገር ግን ውሸት ሊደረግ የሚችል ይሁን። የሰው አፍንጫ አትስደቡ፤ አፍንጫ በሚስማር አይጠገንም። በርከት ያሉ ሳቂዎች ባሉበት አድርጉት፤ ወጪው ይከፋፈላል። ሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ እንደ እኔ ለማስረዳት አትሞክሩ፤ «ብያለሁ» በሉና ተቀመጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የሰው ቤት ከመስደባችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ፒያሳ ብቅ ብላችሁ የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቁ።